«ራጄ ንጹሕ ነው» ማለት ከቲቢ ነፃ ነኝ ማለት ነውን?

በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ አምዳችን የምንነጋገረው ስለ ደረት ራጅ ነው። በተለይም ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖቻችን ሲያስላቸው፣ ሲያተኩሳቸው ወይም ሲከሱ የሚነሱት ራጅ ስለ ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን ሊነግረን እንደማይችል አብረን እናያለን።

ርዕሱ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በመድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ንግግር አለ፤ «ራጅ ተነስቻለሁ፤ ሳንባህ ንጹሕ ነው ብለውኛል፤ አሁን የሳል ሽሮፕ ብቻ ስጡኝ» የሚል። የሰውነቱ የመከላከያ አቅም ሙሉ ለሆነ ሰው ይህ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሊሆን ይችላል። የመከላከያ አቅሙ በኤች.አይ.ቪ ለተዳከመ ሰው ግን ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ስሕተት ነው። ለምን? መልሱ ራጅ የሚያሳየው ምን እንደሆነ ከመረዳት ይጀምራል።

ራጅ የሚያሳየው ምንድን ነው?

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ አየር ያለበት ቦታ በፊልሙ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አጥንት፣ ልብና ፈሳሽ ያለበት ቦታ ደግሞ ነጣ ብሎ ይታያል። ጤናማ ሳንባ በአየር የተሞላ ስለሆነ ይጠቁራል። በውስጡ መግል፣ ውኃ ወይም እብጠት ከተፈጠረ በጥቁሩ መካከል ነጭ ጥላ ይወጣል። ሐኪሙ የሚያነበው ይህንን ጥላ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ራጅ የቲቢን ጀርም አያሳይም። ጀርሙን ሮበርት ኮክ የተባለው ሌላው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 በማይክሮስኮፕ አይቶ ለዓለም አሳውቋል። ጀርሙ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በራጅ ፊልም ላይ ሊታይ አይችልም። በፊልሙ ላይ የሚታየው ሰውነታችን ከጀርሙ ጋር ሲዋጋ የሚፈጠረው ምልክት ነው። እናቶች በምድጃ እንደሚያውቁት እርጥብ እንጨት ሲነድ ቤቱ በጭስ ይሞላል፤ በደንብ የደረቀ እንጨት ግን ብዙ ሳይጨስ ይነዳል። ራጅ የሚያየው ጭሱን ነው። ጭስ አልታየም ማለት ግን ሁልጊዜ እሳት የለም ማለት አይደለም።

የመከላከያ አቅም ሲደክም ሥዕሉ ለምን ይለወጣል?

የመከላከያ አቅሙ ደህና የሆነ ሰው በቲቢ ሲታመም የሰውነቱ ወታደሮች ጀርሙን ከበው ይዋጋሉ። በውጊያው የሳንባው ሥጋ ይጎዳል፤ አንዳንዴም ይበሰብስና እንደ ጉድጓድ ያለ ክፍተት ይፈጠራል። ይህ በብዛት የሚታየው በላይኛው የሳንባ ክፍል ነው። ሐኪም ይህን ዓይነት ሥዕል ሲያይ ወዲያውኑ ቲቢን ይጠረጥራል።

ኤች.አይ.ቪ የሚያጠቃው ይህንኑ ውጊያ የሚመሩትን ሲዲ-4 የሚባሉ የደም ሕዋሳት ነው። የሲዲ-4 ቁጥሩ ገና ከፍ ያለ ሰው ራጅ ከሌላው ሕመምተኛ ራጅ ብዙም አይለይም። ቁጥሩ ከ200 በታች ሲወርድ ግን ውጊያው ይደክማል፤ በፊልሙ ላይ የሚታየውም ይለወጣል። ጉድጓዱ ይቀራል። ጥላው በላይኛው ክፍል በመውጣት ፋንታ በመካከለኛው ወይም በታችኛው ሳንባ ይታያል፤ ተራ የሳንባ ምችም ይመስላል። አንዳንዱ ላይ በደረት መካከል ያሉት እጢዎች ብቻ ያብጣሉ። አንዳንዱ ላይ በሳንባው ሽፋን ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። ሌላው ላይ ደግሞ ዳጉሳ የተበተነበት የሚመስሉ ደቃቅ ነጠብጣቦች መላ ሳንባውን ይሞላሉ። ይህኛው በሽታው በደም አማካይነት መሠራጨቱን የሚያመለክት ከባድ ዓይነት ነው።

ከሁሉም የሚያታልለው ግን ምንም የማይታይበት ራጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ሲዲ-4 ቁጥራቸው ከ200 በታች ሆኖ የሳንባ ቲቢ እንዳለባቸው በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ ሰዎች መካከል ከ5ቱ የ1ዱ ያህል ራጅ ጤናማ መስሎ ተገኝቷል። በሽታው አለ፤ ፊልሙ ግን ንጹሕ ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ሳንባው ውስጥ ጉድጓድ ካልተፈጠረ ወደ አክታ የሚወጣው ጀርም ቁጥሩ ያንሳል። በመሆኑም አክታው በማይክሮስኮፕ ሲታይ «ጀርም የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። አንድ ሕመምተኛ በሁለት ምርመራ «የለብህም» ተብሎ ቲቢን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ የወጣ ጥናት አቅማቸው ውስን በሆኑ አገሮች ከኤች.አይ.ቪ ጋር በተያያዘ የሞቱ ሰዎችን የአስከሬን ምርመራ ሰብስቦ ተመልክቶ ነበር። ከ100 አስከሬን በ40 ያህሉ ቲቢ ተገኝቷል። ከእነዚህም ግማሽ ለሚጠጉት በሕይወት ሳሉ ቲቢ እንዳለባቸው አልታወቀም ነበር። መድኃኒት ባለው በሽታ ሳይታወቅ መሞት ልብን የሚያሳዝን ነው።

ጥላ ሁሉ ቲቢ አይደለም

ነገሩን ከሌላው ወገንም ማየት ያስፈልጋል። በራጅ ላይ ጥላ ታየ ማለት የግድ ቲቢ ነው ማለት አይደለም። የመከላከያ አቅሙ የተዳከመ ሰው በተራ ባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምች ይይዘዋል። በኮትሪሞክሳዞል የምንከላከለው ሌላ ልዩ የሳንባ ምችም አለ። የልብ ድካም በሳንባ ውስጥ ውኃ ያስቋጥራል። ከዓመታት በፊት ታክሞ የዳነ ቲቢም ጠባሳው በፊልሙ ላይ ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል።

የቲቢ መድኃኒት ቀላል መድኃኒት አይደለም። መደበኛው ሕክምና ቢያንስ 6 ወር ይወስዳል፤ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋርም ይጋጫል። ስለዚህ ሐኪም ጥላ አይቶ «አክታ አምጣ፣ ሽንት ስጥ» ሲል ማመላለሱ አይደለም፤ ማረጋገጡ ነው።

ታዲያ ራጅ ምን ይጠቅማል?

እስካሁን ያልነውን ሰምቶ «ራጅ ዋጋ የለውም» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ራጅ ትልቅ ጥቅም አለው። ጥቅሙ ግን መጠቆም እንጂ መፍረድ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት ኤች.አይ.ቪ በደሙ ያለ ሰው ወደ ጤና ተቋም በመጣ ቁጥር አራት ነገሮች ይጠየቃል፦ ሳል አለ? ትኩሳት አለ? ክብደት ቀንሷል? ሌሊት ያልብዎታል? ለሌላው ሰው ሳል የሚያሳስበው 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው ይባላል። ኤች.አይ.ቪ በደሙ ላለ ሰው ግን የአንድ ቀን ሳልም ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ የፀረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በሚወስዱ ወገኖች ላይ እነዚህ አራት ጥያቄዎች ብቻቸውን ቲቢ ካለባቸው መካከል የሚይዙት ግማሽ ያህሉን ነው። ራጅ ሲጨመርበት ከ5ቱ 4ቱን ያህል መያዝ ይቻላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ራጅን ለእነዚህ ወገኖች ተጨማሪ መለያ አድርጎ የመከረው ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን የደረት ራጅ የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ በሌለበት ቦታ ለልየታ እንዲያገለግል መክሯል። ፕሮግራሙም ቢሆን የሚያየው ጥላውን ነው፤ ጀርሙን አይደለም።

ማረጋገጫው ሌላ ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን መሣሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። መሣሪያው በአክታ ውስጥ የጀርሙን ዘር በ2 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ጀርሙ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም አብሮ ይናገራል። አክታ መትፋት ለማይችል በጠና ለታመመ ወይም ሲዲ-4 ቁጥሩ በጣም ለወረደ ሰው ደግሞ ላም የሚባል የሽንት ምርመራ አለ። ድርጅቱ ይህንን እ.ኤ.አ. በ2015 መክሮ በ2019 ለብዙ ሕመምተኞች አስፍቶታል። ሁለቱም «የለም» ቢሉና ሰውየው እየደከመ ቢሄድ፣ ሐኪሙ ምልክቱን፣ ራጁንና የሕመምተኛውን ሁኔታ ደምሮ ሕክምና ሊያስጀምር ይችላል። ይህ በሐኪም ውሳኔ እንጂ በጎረቤት ምክር የሚደረግ አይደለም።

በእኛ አካባቢ ያለው ሁኔታ

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ቲቢም፣ ቲቢና ኤች.አይ.ቪ በአንድነትም ከሚከብዱባቸው አገሮች መካከል ተመዝግባለች። በደቡብ ጎንደር ደጋ ደግሞ ነገሩን የሚያባብሱ የራሳችን ልማዶች አሉ። ከደብረ ታቦር እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ብርዱ ጠንካራ ነው። ቤት ተዘግቶ፣ መስኮት ተደፍኖ፣ እሳት ተከቦ ይታደራል። ለሚያስል ሰው ይህ ጀርሙን ለቤተሰቡ ሁሉ የሚያካፍልበት ቦታ ነው። ሳል ሲመጣም «ብርድ መታኝ»፣ «የኩበት ጭስ ነው» ይባልና ወሮች ያልፋሉ። እናቶቻችን በጭስ መካከል ሲውሉ ስለሚያስላቸው የእነሱ ሳል ይበልጥ ችላ ይባላል።

ጤና ኬላም ሆነ አብዛኛው ጤና ጣቢያ ራጅ የለውም። ራጅ የሚገኘው እንደ ደብረ ታቦር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ባሉ ሆስፒታሎች ነው። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ገጠር ለተነሣ ሕመምተኛ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ «ራጅ እስክነሳ» ተብሎ መቀመጥ አይገባም። አክታ በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ ሊሰጥ ይችላል። ናሙናውም ጂን ኤክስፐርት ወዳለበት ተቋም ሊላክ ይችላል። ከአክታ ተጀምሮ ራጁ ቢከተል ጉዳት የለውም፤ ራጅ ሲጠበቅ ጊዜ ማለፉ ግን ጉዳት አለው።

ሌላም የአካባቢያችን ጉዳይ አለ። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር የተባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2005 በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተገምቷል። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ የሚወርዱ ወጣቶችም ይህ በሽታ ሊይዛቸው ይችላል። ካላዛርም እንደ ቲቢ ረዘም ያለ ትኩሳትና ክሳት ያመጣል፤ ኤች.አይ.ቪ ያለበትን ሰውም ያበረታበታል። ስለዚህ ራጅ ንጹሕ ሆኖ ትኩሳቱ አልወርድ ካለ፣ ሆድም በግራ በኩል ካበጠ፣ በእነዚህ አካባቢዎች መኖርዎን ወይም ለሥራ ሄደው መቆየትዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ራጅ ሲነሱ ልብ የሚሉት

1. ኤች.አይ.ቪ በደምዎ ካለ ለሚመረምርዎት ሐኪም ይንገሩ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። አንዱ ፊልም ስለ ሁኔታው በሚያውቅ ሐኪም ሲነበብና በማያውቅ ሲነበብ ትርጉሙ ይለያያል። ለማያውቀው «ንጹሕ» የሆነው፣ ለሚያውቀው «ይህ አይበቃም፣ ሌላ ምርመራ ይጨመር» ማለት ነው። የጤና ባለሙያ የሕመምተኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከመንደር ወሬ ሸሽቶ ከሐኪም መደበቅ የሚጎዳው ራስን ነው። ራስዎን ካላወቁ ደግሞ ይመርመሩ፤ ቲቢ የተጠረጠረበት ሰው ሁሉ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

2. ከወገብ በላይ ያለ ብረት ይውለቅ። የአንገት ሐብል፣ ክታብ፣ የሒጃብ መርፌ ቁልፍና ስፒል ሁሉ በፊልሙ ላይ ጥላ ይፈጥራሉ። እህቶች ሹሩባቸውን ከትከሻና ከአንገት ላይ ወደ ላይ ይሰብስቡት፤ በሳንባ ጫፍ ላይ የወደቀ ሹሩባ ቲቢ ሊያስመስል ይችላል።

3. ልብስ ማውለቅ የከበዳት እህት ብረት የሌለው ስስ የጥጥ ልብስ ለብሳ መነሳት ትችል እንደሆነ፣ ሴት ባለሙያም ካለች እንድታነሳት መጠየቅ ትችላለች። በሐፍረት ብቻ ራጅን መተው አይገባም።

4. «አየር ሳቢ፣ ያዢ» ሲባል በደንብ መሳብና ሳይነቃነቁ መያዝ ያስፈልጋል። በግማሽ ትንፋሽ የተነሳ ራጅ ጤነኛውን ሳንባ የታመመ ያስመስላል።

5. እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠረጥር እህት አስቀድማ ትናገር። የአንድ ደረት ራጅ ጨረር ትንሽ ነው፤ ከተፈጥሮ አካባቢያችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምናገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው። አስፈላጊ ሲሆን በጥንቃቄ ይነሳል።

6. የድሮ ፊልም ካለ አይጣል። አዲሱ ጥላ ከአሮጌው ጠባሳ የሚለየው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው።

ከመድኃኒት ቤት በኩል

ሳል ሲቆይ በራስ ፈቃድ አንቲባዮቲክ መግዛት በጣም ይጎዳል። በተለይ እንደ ሌቮፍሎክሳሲን ያሉት የኩዊኖሎን ወገን መድኃኒቶች ቲቢን ለጊዜው ያደበዝዙታል። ሕመምተኛው ጥቂት ቀን ሻል ይለዋል፤ ምርመራውም ይሳሳታል፤ በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል።

ቲቢው ተረጋግጦ ሕክምና ሲጀመር ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ይህ ደም አይደለምና አትደንግጡ። ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ክኒንን ያደክማል። ዶሉቴግራቪር የተባለውን የፀረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒትም ስለሚያሳንሰው፣ ሐኪሙ በቀን 1 ጊዜ የነበረውን 2 ጊዜ ያደርገዋል። ስለዚህ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለባለሙያው ያሳዩ። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለስ ከበረታ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

አንዳንድ ጊዜ የፀረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ ራጁም ከበፊቱ የባሰ ጥላ ያሳያል። ይህ ብዙ ጊዜ ተኝተው የነበሩት የሰውነት ወታደሮች ነቅተው ውጊያውን ሲጀምሩ የሚመጣ ነው። ወደ ሐኪም መመለስ እንጂ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ አይገባም። እንደገና የእሳቱን ምሳሌ ብናስታውስ፣ እዚህ ላይ የበዛው ጭሱ ነው።

በረመዷን ለሚጠይቁ ደግሞ፦ ሸሪዓችን ለታመመ ሰው ሩኽሳ ሰጥቷል። በሕክምናው መጀመሪያ ላይ ያለ፣ የከሳና የደከመ ሰው ለመጾም ብሎ መድኃኒቱን ሊያዛባ አይገባም። እየበረታ የመጣ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ማስተካከል ይችል እንደሆነ ሐኪሙንና ዓሊሙን አብሮ ይጠይቅ።

ስለ ምግብ

ቲቢ ሥጋን ይበላል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ከሌላው ጊዜ የበለጠ ምግብ ያስፈልገዋል። ውድ ነገር መፈለግ የለበትም። የሽምብራ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ የገብስ ቅንጬ፣ ጎመንና ድንች በደጋችን ይገኛሉ። የምግብ ፍላጎቱ ለጠፋ ሰው ጥቂት ጥቂቱን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ማቅረብ ይሻላል። ወተት ጥሩ ነው፤ ግን ይፈላ። የከብት ቲቢ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ማርና ጥቁር አዝሙድ ከምግብ ጋር ቢወሰዱ መልካም ነው፤ የ6 ወሩን መድኃኒት ግን አይተኩም።

ውድ አንባቢያን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዓለም ላይ 161,000 ያህል ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች በቲቢ ሞተዋል። በአገራችን የፀረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ የቲቢ መድኃኒትም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይገኛል። ቲቢ ለሌለበት ሰውም አስቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት አለ። የቀረው በሽታውን በጊዜው ማግኘት ነው። በቤትዎ ወይም በመስጂድዎ ጀመዓ መካከል «ራጄ ንጹሕ ነው» እያለ ማሳሉንና መክሳቱን የቀጠለ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ሳያሸማቅቁ፣ በፍቅርና ምስጢር በመጠበቅ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «አክታህስ ታይቷል?» አልታየም ካለ ነገ ማለዳ አብረውት ይሂዱ።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።